በሬሳ ሳይሞላ

በአንኮበር ክረምት ሰው ጎረቤቱን በድምፁ እንጂ በመልኩ አያውቀውም። ጉሙ ከቆላው ገደል እየተሳበ ይወጣና አጥሩንም፣ ደጁንም፣ ከብቱንም አንድ ላይ ይውጣቸዋል። አገሬው ይህን ጉም ያማርረዋል። ወለተሐና ግን የምትፈራው ጉሙን ሳይሆን መገለጡን ነበር።

እናቷ የሞተችው ጉሙ በተገለጠ ሰሞን ነው። ወለተሐና ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ክረምቱን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የከረመችው እናት መስከረም ሲጠባ ብድግ አለች፤ ቤቱን ጠረገች፣ ዘፈነች፣ የጎታውን እህል ለአላፊ አግዳሚው አደለች። ከዚያ እንቅልፍ ጥሏት ሄደ። በመስቀል ዋዜማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ "መጣሁ! መጣሁ!" እያለች ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጠች። ማን እንደጠራት የሰማ የለም። ወለተሐና ሁለት ዓመት ያልሞላውን ወንድሟን እንዳዘለች ተከትላ ደረሰችባትና የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። ነጠላው እጇ ላይ ቀረ።

ያ የታዘለው ሕፃን ብርሃነ መስቀል ነው። አድጎ ቁም ጸሐፊ ሆነ። ወለተሐናም ባሏ ቆላ ወርዶ በወባ ንዳድ ስለሞተባት፣ ልጅ ሳትወልድ ወደ ሟች አባቷ ጎጆ ተመልሳ ከወንድሟ ጋር ትኖር ነበር። እሷ የፍየል ቆዳ ትወጥርለታለች፤ እሱ ይፍቃል፣ በወስፌ ያሰምራል፣ ይጽፋል። ፊደሉን ያዩ ሁሉ "እንደ ልጃገረድ ጥርስ የተደረደረ" ይሉለት ነበር። የንጉሡ ግቢ ወደ እንጦጦ ከወጣ ወዲህ አንኮበር ጭር ብላ፣ ከሦስት ቤት አንዱ ወና ሆኖ ነበር፤ ለእሱ ግን ሥራ አልጠፋም።

በሃያ አራት ዓመቱ፣ በ1878 መስከረም፣ ያው ነገር በእሱም ላይ መጣ። ቀይ ቀለም የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ነው። እሱ ግን ቀዩን በገንቦ በጥብጦ ግድግዳውን፣ በሩን፣ የጎረቤቱን ነጭ በግ ጎን ሳይቀር ጻፈበት። "ምን ብለህ ነው የጻፍከው?" ቢሉት፣ "ያዘዘችኝን" አለ። "ማናት ያዘዘችህ?" ሲሉት ሳቀ። ወደ ገደሉ መሮጥ ሲጀምር የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይዘው ከቤቱ ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አሰሩት። ኅዳር ሲገባ እብደቱ እንደ ጎርፍ ጎደለለት። ሰዉም "ለክፎት ነበር፣ አለፈ" አለ።

በሚቀጥለው መስከረም ተመለሰ።

በዚህኛው ጊዜ ወለተሐና ጸበል ይወሰድልኝ ብላ ለመነች። የእብድ ጸበል የታወቀው ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ በሬሳ የሚባለውን ወንዝ ተሻግሮ፣ ገደል ውስጥ ያለው የአቦ ጸበል ነው። ሽማግሌዎቹ "ወንዙ ይጉደል" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በመስከረም በሬሳን እብድ ይዞ የሚሻገር የለም። ወንዙ እስኪጎድል አርባ ቀን አለፈ። በጥቅምት አራት ጎልማሶች አስረው ሲወስዱት ብረቱ ቁርጭምጭሚቱን በልቶ አጥንቱ ይታይ ነበር።

የጸበሉ አጥማቂ አባ ዘርአ ዳዊት የሚባሉ፣ አንድ ዓይናቸው የፈሰሰ መነኩሴ ነበሩ። በሽተኛው ሲጮህ ፊቱን አላዩም፤ ጎንበስ ብለው እግሩን አዩ። ከዚያ ወለተሐናን ጠሯት።

"መቼ ጀመረው፣ ልጄ?"

"ከዘመን መለወጫ በኋላ ነው፣ አባ።"

"መሮጡን አይደለም። እንቅልፉ መቼ ሸሸው?"

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ጥቂት አስባ፣ "ከፍልሰታ ወዲህ" አለች።

"አምናስ?"

"አምናም እንዲሁ ነው። እናታችንም... እናታችንም እንዲሁ ነበረች።"

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እዚህ አርባ ክረምት ከርሜአለሁ። ጸበሉ የእግዚአብሔር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። በሽተኛው ግን እንደ ወንዝ ይሞላል፣ ይጎድላል። በጥቅምት መቆሚያ ያሳጣኛል፤ በጥር ግቢው ባዶ ነው። ሁላችሁም ታስሮ፣ ቆስሎ፣ ልቡ ካለቀ በኋላ ታመጡልኛላችሁ። ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ውኃ ብትቀጂ ምን ታጠፊበታለሽ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"በሬሳ ሳይሞላ አምጪው። በሰኔ።"

"በሰኔ እኮ ደህና ነው፣ አባ!"

"ደህናውን ነው የምፈልገው። ደህና ሰው ምክር ይሰማል። ዶሮ ሲሰፍር አስተኛዋለሁ፣ ጎህ ሲቀድ አጠምቀዋለሁ፣ ቀን ድንጋይ አሸክመዋለሁ። የፍልሰታን ማኅሌት እንዳይቆም እኔ ፈትቼዋለሁ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። እንቅልፍ የሸሸው ዕለት በዚያው ዕለት አውቃለሁ። እናንተ የምታውቁት በአርባኛው ቀን ነው።"

ወለተሐና ይህን ቃል በልቧ ይዛ ተመለሰች። ብርሃነ መስቀልም በኅዳር ልቡ ተመልሶ፣ እያነከሰ አገሩ ገባ።

ሰኔ መጣ። ብርሃነ መስቀል ወዘናው ተመልሷል፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ሲጽፍ እያንጎራጎረ ነው። ወለተሐና ሦስት ቀን ስታመነታ ቆይታ በአራተኛው ቀን የመነኩሴውን ምክር ነገረችው። እሱ ብርዑን አስቀመጠ።

"እትዬ፣ ጤነኛውን ወስደሽ ከእብድ መካከል ልታስቀምጪኝ ነው?"

"ብቻህን አይደለህም፤ እኔም እቀመጣለሁ።"

"የምጽፈው ዳዊትስ? ለመስቀል አደርሳለሁ ብዬ ለደብሩ ቃል ሰጥቻለሁ።"

"ዳዊቱ ይቆያል።"

"ሰውስ?" ድምፁ ዝቅ አለ። "ትናንት ጎረቤቶቻችን እነ ወልደ ሰንበት በመንገድ አገኙኝና ቆመው እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ። ሰው ቆሞ ካነጋገረኝ ዓመት ሊሆነኝ ነበር። አሁን ጸበል ሄደ ከተባለ፣ ዳግመኛ የሚቆምልኝ ያለ ይመስልሻል?"

ወለተሐና አላስገደደችውም። እሷም ራሷ ፊቱን እያየች ያን የምሰሶውን ሰው ማመን አቃታት። በሰኔ መስከረምን ማመን ከባድ ነው። "እስቲ እግዚአብሔር ያውቃል" አለችና ተወችው። በሳምንቱ ዝናቡ መሬቱን ያዘ፤ ጉሙ ከቆላ ወጣ፤ በሬሳም ሞልቶ መንገዱ ተዘጋ።

ሐምሌን ብርሃነ መስቀል አጎንብሶ ከረመ። ብዙም አይናገርም፤ የጀመረውን መስመር ሳይጨርስ እጁ ብርዑን እንደያዘ ይቀራል። ፍልሰታ ሲገባ ግን ነቃ። ወለተሐና ብትለምነውም አሥራ አምስቱንም ሌሊት ማኅሌት ቆመ። "ለእመቤታችን ያልቆምኩ ለማን ልቆም ነው?" አላት። ጾሙ ተፈታ፤ እሱ ግን ወደ እንቅልፉ አልተመለሰም። ነሐሴ ሃያ ሁለት ቀን ጎህ ሲቀድ ወለተሐና ብትነሣ፣ መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ ሸምበቆ ይቀርጻል። ከፊቱ አርባ የሚሆን ብርዕ ተደርድሯል። አጠገቡ ያለው ቀንድ ቀይ ቀለም ሞልቶት ፈስሷል።

"እትዬ፣" አላት ደስ ብሎት፣ "እንቅልፍ ማለት ሞት ትንሽ ትንሹን መቅመስ መሆኑን ታውቂያለሽ?"

እሷ ስንቅ ማሰር ጀመረች። የሁለት ሰው ስንቅ መሆኑን አየ። ብርዕ መቅረጹን ተወ።

"ጀመረኝ እንዴ?" አላት።

"ጀመረህ።"

ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። ሲገልጠው እየሳቀ ነበር። "እንግዲያማ እንሂድ" አለና ብርዖቹን ሁሉ ሰብስቦ ብብቱ ውስጥ ከተተ።

ሦስት ቀን በጭቃ ሄዱ። ዝናቡ ከላይ፣ ማጡ ከታች ነው። እሱ እያነከሰም ቢሆን ከፊት ፊት ይቀድማታል፤ ይናገራል፣ ያዜማል፣ ለሚያገኘው ሁሉ ስሙን ይነግራል። በአራተኛው ቀን በሬሳ መሻገሪያ ደረሱ። ወንዙ ሞልቶ፣ ግንዱን ከነሥሩ እየገለበጠ ይወርዳል። ከማዶ፣ ከገደሉ ሥር፣ የጸበሉ ግቢ ጭስ ይታያል። ለመድረስ የቀረው መንገድ ውኃው ብቻ ነበር።

በመሻገሪያው አፋፍ ላይ ጣሰው የሚባል ዋናተኛ ከሚስቱ ከቦሰና ጋር ይኖር ነበር። ጣሰው የክረምት መንገደኛን በነፋስ በተሞላ ስልቻ ላይ አሥሮ፣ እየዋኘ ያሻግራል። ወለተሐና እግሩ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል በትከሻዋ ያዛት።

"ተይ እንጂ እቴ! እኔ ምን አቅም አለኝ? በዚህ ውኃ ደህናውን ሰው እንኳ አልነካም። ይኼማ በመካከል ከተንፈራገጠ እኔንም ይዞኝ ይሄዳል።"

"እስከ መቼ ነው ታዲያ፣ አያ ጣሰው?"

"ውኃው ያውቃል።"

ቦሰና ከብቶች የሚያድሩበትን በረት ጥግ ለቀቀችላቸው። በዚያ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ወለተሐና በየማለዳው ሁለት ነገር ትለካ ነበር፤ ጣሰው በተከለው ችካል የውኃውን ቁመት፣ በወንድሟ ዓይን ደግሞ በሽታውን። ሁለቱም ይጨምራሉ። በመጀመሪያ ብርሃነ መስቀል ለቦሰና እንጨት ፈለጠላት፣ ለጣሰው ጸሎት አስተማረው። ቀጥሎ ጋቢውን ለመንገደኛ ሰጠ። ቀጥሎ ምግብ ተወ። ጳጉሜን በባተች ዕለት አፋፉ ላይ ቆሞ ወንዙን ሲያነጋግር አገኘችው።

"ምን ትላለህ፣ ብርሃኔ?"

"እሰማታለሁ እንጂ ምን እላለሁ። አንቺ አትሰሚያትም?"

"ማንን?"

"እትዬ፣ እናታችንን ነዋ!"

ስለ እናቷ አሟሟት ለወንድሟ ነግራው አታውቅም። በበሽታ ሞተች ብላ ነው ያሳደገችው። ጎረቤት ነግሮት ይሁን፣ በጀርባዋ ሆኖ ያየው በደሙ ውስጥ ቀርቶ ይሁን፣ አላወቀችም። ጆሮዋን ወደ ወንዙ ጣለች። ድንጋዩ ከውኃው በታች እርስ በርሱ ሲጋጭ፣ "መጣሁ" የሚል ቃል ጥርት ብሎ ተሰማት። ወዲያው ወንድሟን በክንዱ ይዛ እየጎተተች ወደ በረቱ መለሰችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀነቷን በእሱ አንጓና በራሷ አንጓ ላይ አሥራ ሰነበተች።

የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ዘነበ። የአገሩ ሰው እየወጣ ተጠመቀ፣ ልጆች ራቁታቸውን ዘለሉ። ብርሃነ መስቀል መቀነቱን እየሳበ ወደ ውኃው ሲታገል፣ ወለተሐናና ቦሰና ተረባርበው ያዙት። ፊቷን ቧጠጣት። በጳጉሜን አምስት ግን ከወንዙ ራስ በኩል ሰማዩ ተሰነጠቀ፤ ዝናቡ ቆመ።

"ነገ ዘመን ተለወጠ ማለት ነው" አለች ወለተሐና። ፀሐዩን አይታ የመቀነቱን ቋጠሮ አጠበቀች።

"የሉቃስ ዓመት ነው እኮ" አለቻት ቦሰና። "ጳጉሜን ዘንድሮ ስድስት ናት። አንድ ቀን አለሽ።"

በስድስተኛው ቀን ማለዳ ውኃው በችካሉ ላይ ክንድ ያህል ጎድሎ ታየ። ጣሰው ውኃውን ለረጅም ጊዜ አየና ስልቻዎቹን አመጣ።

"አንድ ሰው ነው የማሻግረው። ሁለተኛ ሰው ይዤ አልገባበትም። አንቺ ወንዙ እስኪጎድል እዚህ ትቀሪያለሽ። ደግሞም ካልረጋ አልነካውም። እጁን ቢያነሣ ሁለታችንም አለቅን።"

ብርሃነ መስቀል ግን ከመሬት ላይ አልተነሣ አለ። ስልቻውን ሲያይ ጥርሱን አፋጨ። ቢያሥሩት ይንፈራገጣል፤ ቢለምኑት አይሰማም። ወለተሐና ከፊቱ ቁጭ አለች። ስለ አባ ዘርአ ዳዊት ነገረችው፤ አላዳመጣትም። ስለ ዳዊቱ ነገረችው፤ ሳቀ። ድንገት ፊቱን ወደ እሷ አቀረበና በሹክሹክታ፣

"እሷ ማዶ ናት?" አላት።

ከበስተጀርባቸው ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ብቅ እያለች ነበር። ወለተሐና ሃያ አምስት ዓመት ያህል ከእናታቸው መንገድ ስታርቀው የኖረችውን ልጅ አየችው።

"አዎ፣" አለችው፤ "ማዶ ናት። ግን የምታገኛት ሳትነቃነቅ ከተሻገርክ ነው። ከተንቀሳቀስክ ትሄድብሃለች።"

እጁን አጣጥፎ እንደ ሕፃን ተጋደመ። ጣሰው በጠፍር ከስልቻው ጋር ሲያሥረው ጣቱን እንኳ አላነሣም። ሁለቱም ወደ ውኃው ገቡ። ወንዙ ጎትቶ ወሰዳቸው፤ በድንጋዩ ጀርባ ጠፉ፤ ቦሰና ጮኸች። ከብዙ በታች በማዶው ዳር ብቅ ሲሉ ከጸበሉ ግቢ የወጡ ሰዎች ሮጠው ጎተቷቸው። ብርሃነ መስቀል ተፈትቶ ሲቆም ወለተሐና ከዚህ ማዶ ሆና አየችው። ወደ ግራ ዞረ፤ ወደ ቀኝ ዞረ። ሰው ይፈልግ ነበር። ከዚያ አፉን ከፍቶ ጮኸ። የውኃው ድምፅ ጩኸቱን ስለዋጠው የሰማችው ነገር የለም፤ ያየችው የተከፈተ አፉን ብቻ ነው።

በማግስቱ የዘመን መለወጫ ሆነ። አደይ አበባ ወንዙን ግራና ቀኝ ከደነው። ቦሰና ቤት ሰው ሁሉ ሲጫወት ወለተሐና አፋፉ ላይ ቁጭ ብላ ዋለች። እንዲህ ሆና ሃያ ቀን ቆየች። አንዳንድ ቀን በማዶው ግቢ ድንጋይ የሚሸከም ነጭ የለበሰ ሰው ታያለች፤ እሱ ይሁን ሌላ አታውቅም። መስቀል ሲደመር ጭሱን አይታ ፊቷን አዞረች።

በመስከረም ሃያ አንድ ጣሰው እጇን ይዞ፣ ውኃው እስከ ወገቧ እየደረሰ አሻገራት። አባ ዘርአ ዳዊት በሩ ላይ ተቀበሏት።

"ዘጠኝ ቀን አሥረነዋል፤ በጨርቅ ነው፣ በብረት አይደለም። አሁን ይተኛል። ከአምናው በግማሽ ቀሎለታል።" ወደ ጎጆው እየመሯት፣ "በሰኔ አምጥተሽው ቢሆን ኖሮ..." አሉና ቃላቸውን ዋጡት።

ብርሃነ መስቀል ከጎጆው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር። ከስቷል፤ ዓይኑ ግን የራሱ ዓይን ነው። አጠገቡ ስትቀመጥ ቀና ብሎ አላያትም።

"የለችም" አላት።

"አዎ።"

"ዙሪያውን ሁሉ ፈለግኋት። እያንዳንዱን ድንጋይ አገላበጥኩ። አታለልሽኝ።"

"አታለልኩህ።"

በቅል ውኃ ቀድቶ ሰጣት፤ ጠጣች። ጥቅምትን እዚያው ሲከርሙ ለእሷ የሚገባትን ሁሉ አደረገላት፤ እንጨት ሰበረላት፣ ስትተኛ ገለባ አነጠፈላት። "እትዬ" የሚለውን ቃል ግን ከአፉ አልሰማችም። ምን ብላ ትወቅሰው? ስትተኛ በሕልሟ ወንዙ ዳር የምትቆመው እሷ ነበረች፤ ከማዶ የሚጠሯት ደግሞ እናቷም ወንድሟም ነበሩ።

አንኮበር ሲመለሱ ሰው ቆሞ አላነጋገራቸውም። ዳዊቱን ደብሩ ለሌላ ጸሐፊ ሰጥቶት ነበር። ብርሃነ መስቀል ሌላ ቆዳ ወጠረ፤ በጋውን ለገዳም የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ ሲጽፍ ከረመ። ስለ መስከረሙ ነገር አንድም ቀን አላነሡም። ወለተሐና ግንቦት ሲያልቅ እንደገና እንዴት ብላ አፏን እንደምትከፍት እያሰበች ሌት ተቀን ተጨነቀች። ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን ብርሃነ መስቀል ብርዑን ጠርጎ አስቀመጠና፣

"ወንዙ የት ደርሷል ይላሉ?" አላት።

"ገና ቁርጭምጭሚት ነው ይላሉ።"

ተነሥቶ ወስፌውን፣ ቆዳውንና ቀለሙን በአቁማዳ አሠረ። ቀዩን ቀለም ይዞ ትንሽ ቆመ፤ መልሶ መደቡ ላይ ተወው።

በሬሳን ሲሻገሩ ውኃው ጠጠሩን አልሸፈነም። ግቢው ሲደርሱ ወለተሐና እንደ ጥቅምቱ ጩኸትና የሰንሰለት ድምፅ ጠብቃ ነበር። ግቢው ጸጥ ብሏል። ሰባት ያህል ሰዎች በፀሐይ ተቀምጠዋል። አንዷ ጥጥ ትፈትላለች፤ አንድ ሽማግሌ ሰሌን ይታታል፤ አንድ ነኝ ያለ ጎልማሳ በድንጋይ ማረሻ ይስላል። ንጹሕ ለብሰዋል፣ በወግ በወጉ ይነጋገራሉ። ለእንግዶቹም ተነሥተው ቦታ ለቀቁ።

"እነዚህ ማን ናቸው፣ አባ?" አለች ወለተሐና።

"እንደ ወንድምሽ ያሉ ናቸው" አሉ አባ ዘርአ ዳዊት። "ቃሌን የሰሙት እነዚህ ብቻ ናቸው።"

ብርሃነ መስቀል ከማረሻው ሰው አጠገብ ቆዳውን ዘርግቶ በወስፌ ማስመር ጀመረ። ማንም ከየት መጣህ፣ ምን ሆነህ ነው አላለውም። ወለተሐና የእያንዳንዱን ፊት ዞራ አየች። ሁሉም ደህና ናቸው። ሁሉም ይጠብቃሉ።

ከቀትር በኋላ በአንኮበር በኩል ሰማዩ ጠቆረና የመጀመሪያው ነጎድጓድ ከሩቅ ተንከባለለ። ጥጥ የምትፈትለው ሴት እንዝርቷ እጇ ላይ ቆመ። ሽማግሌው ቀና አለ። የሁሉም ራስ ወደዚያ ዞሮ ጥቂት ቆየ። ብርሃነ መስቀል ብቻ ቀና አላለም። አንዱን ቀዳዳ ወግቶ፣ ወስፌውን ወደሚቀጥለው አሻገረ።